ቆሻሻን ከበር መመለስ፦ ዜሮ ዌስትን ከቤት ለመጀመር ዝርዝር መመሪያ

ዜሮ ዌስት፣ ማለትም ከቆሻሻ ነፃ ኑሮ፣ ሲባል ብዙ ሰው ፊት ድቅን የሚለው የዓመት ቆሻሻውን በአንዲት ብልቃጥ ጠቅጥቆ ፎቶ የሚነሳ ሰው ነው። እሱን ለጊዜው ተዉት። ለፎቶ ያምራል እንጂ ጀማሪን ተስፋ ከማስቆረጥ ውጪ ብዙም አይጠቅምም። ብልቃጡ የሚያሳየው ደግሞ ቤት የደረሰውን ብቻ ነው። ዕቃው ሲመረት፣ ሲታሸግና ሲጓጓዝ የተጣለው ሌላ ቦታ ቀርቷል፤ ፎቶው ላይ አይወጣም።

እንቅስቃሴው ራሱ ዜሮ የምትለዋን ቁጥር እንደዚያ ሙጭጭ ብሎ አይዝም። ዓለም አቀፉ የዜሮ ዌስት ጥምረት በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ያሻሻለው ትርጉም ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ዕቃዎችን፣ ማሸጊያዎችንና ጥሬ ዕቃዎችን በኃላፊነት ማምረት፣ መጠቀም፣ መልሶ መጠቀምና ማስመለስ፣ ያለ ማቃጠል፣ አካባቢን ወይም ጤናን የሚጎዳ ነገር መሬት፣ ውሃና አየር ላይ ሳይለቁ። በተግባር ሲለካ ደግሞ 90 በመቶውን ከመጣያ ቦታና ከማቃጠያ ያዳነ እንደተሳካለት ይቆጠራል። መቶ በመቶ የሚጠይቃችሁ የለም።

የጉዳዩን ስፋት ለማወቅ አንድ ቁጥር ይበቃል። የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2016 ብቻ 2.01 ቢሊዮን ቶን የከተማ ደረቅ ቆሻሻ አመንጭቷል። በ2050 ወደ 3.4 ቢሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። በ2016 ከመነጨው ውስጥ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው አካባቢን በማይጎዳ መንገድ አይወገድም። ይሄን ሁሉ በተሻለ የቆሻሻ መኪና ብቻ አንወጣውም። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ሥራ ያለው ቅርጫቱ ጋ ሳይሆን በሩ ጋ ነው። ያልገባ ነገር አይወጣም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተላቸውን ባትዘሉ ጥሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትገዙ ቆሻሻችሁን መዝኑ

የቀርከሃ ጥርስ ብሩሽ፣ የብረት ስትሮ፣ ተመሳሳይ የሆኑ የሚያማምሩ ብልቃጦች... አሁን አያስፈልጉም። ምን እንደምትጥሉ ሳታውቁ መፍትሔ መግዛት ማለት ተጨማሪ ዕቃ ማስገባት ነው። ሻጮቹ ይሄን ስለሚያውቁ ነው መጀመሪያ የሚያገኟችሁ።

አንድ ሳምንት ምረጡ። እንግዳ የሚበዛበት ወይም በዓል ያለበት ባይሆን ይሻላል። በሰባቱ ቀናት እንደወትሮው ኑሩ፤ ልትመዝኑ ነው ብላችሁ ጠባይ አታሳምሩ። የምግብ ትርፍራፊውን ክዳን ባለው ባልዲ ለብቻ ያዙ፣ አለዚያ ሳምንቱ ሳያልቅ ሌላውን ሁሉ ያበላሸዋል። እሱን በየቀኑ መዝናችሁ፣ ጽፋችሁ፣ አስወግዱት። ደረቁን ግን አጠራቅሙ።

በመጨረሻው ቀን ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ ወይም ትልቅ ላስቲክ አንጥፉ። ጓንት አድርጉና ዘርግፉት። አዎ፣ ደስ አይልም። በክምር በክምር ለዩት፦ ወረቀትና ካርቶን፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ስስ ፕላስቲክ (ፌስታልና መጠቅለያ)፣ ጠርሙስ፣ ጣሳና ብረት፣ ጨርቅ፣ በመጨረሻም ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ወይም ከሁለት ሦስት ነገር ተጣብቆ የተሠራ። ይቺን የመጨረሻዋን ክምር ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ። እያንዳንዱን ክምር መዝኑት፣ ቁጠሩትም። ፌስታል ሚዛን ላይ ምንም አይመስልም፤ ሲቆጠር ግን ያስደነግጣል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ጥያቄ፦ ይሄ እንዴት ገባ? ፈልጌ ገዝቼው ነው? ሳልጠይቅ ተሰጥቶኝ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ስገዛ አብሮ ተጠቅልሎ መጣ? መልሱን ጎኑ ላይ ጻፉ። ተፈልጎ የተገዛ ከሆነ ምትክ ይፈለግለታል። የተሰጠ ከሆነ እምቢ ይባላል። ተጠቅልሎ የመጣ ከሆነ የምትገዙበት ቦታ ወይም መጠን ይቀየራል። የሚቀጥለው ወር ዕቅዳችሁ ይሄው ነው፣ ሌላ አማካሪ አያስፈልግም።

ይሄንን የሚያደርግ ከተማም አለ። ጣሊያን ውስጥ ካፓኖሪ የምትባል ከተማ በ2007 በአውሮፓ የመጀመሪያዋ ሆና የዜሮ ዌስት ግብ አወጀች። ቆሻሻን ከየቤቱ በር እየለዩ መሰብሰብ ካስለመዱ በኋላ በ2010 የምርምር ማዕከል ከፈቱና ሳይለይ የቀረውን ቆሻሻ አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ደጋግሞ ከሚወጣው አንዱ ባለ ፕላስቲክ የቡና ካፕሱል ነበር። ከነዋሪው ጋር መጨቃጨቁን ትተው አምራቾቹን ለንግግር ጠሩ። እንቅስቃሴውን የመራው የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ሮሳኖ ኤርኮሊኒ በ2013 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማትን አግኝቷል።

ደረጃ 2፦ ምግብ አትጣሉ

ሚዛኑ ላይ ትልቁን ቁጥር የምታገኙት ምግብ ጋ ሳይሆን አይቀርም። በዓለም ደረጃ ከከተማ ቆሻሻ 44 በመቶው ምግብና አረንጓዴ ተረፈ ምርት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እንዳወጣው በ2022 ወደ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፣ ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በየቤቱ ነው። ሱቁም ምግብ ቤቱም የሚጥሉት ከእኛ ያነሰ ነው ማለት ነው።

ብዙ መመሪያ ቀጥታ ወደ ኮምፖስት (ትርፍራፊን አበስብሶ ማዳበሪያ ማድረግ) ይሄዳል። እኔ ይሄን አልወደውም። ሊበላ የሚችል ምግብን ኮምፖስት ማድረግ ከመጣል ይሻላል እንጂ ከመብላት አይሻልም። የተዘራበት ውሃ፣ ማዳበሪያና ነዳጅ አብሮ ሄዷልና።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን እዩ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ መደርደሪያ «ቶሎ የሚበላ» ብላችሁ ለዩ፤ ሊያልፍበት የደረሰ ሁሉ እዚያ፣ ከዓይን ፊት ይቀመጥ። አዲስ የመጣው ከኋላ፣ የቆየው ከፊት። ለተረፈ ምግብ ውስጡ የሚታይ ዕቃ ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም የማይታይ ምግብ ይረሳል፣ የተረሳ ይሻግታል። የአገልግሎት ጊዜ ጽሑፍንም አንብቡ፦ «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጥራት ነው፣ «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ደኅንነት ነው። ሁለተኛውን አትዳፈሩ።

ደረጃ 3፦ የቀረውን ኮምፖስት አድርጉ

ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡናና የሻይ አተላ መውጣቱ አይቀርም። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተቀበረ አየር አጥቶ ይበሰብስና ሚቴን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ሳን ፍራንሲስኮ ነገሩን ከምር ስለያዘችው በ2009 ባወጣችው ደንብ የምግብ ትርፍራፊን ለይቶ ማስቀመጥ ለሁሉም ግዴታ አድርጋለች።

ቦታ ካላችሁ እንዲህ ሥሩት።

ጥላ ያለበት፣ ውሃ የማይቋጥር መሬት ምረጡ። ከታች ቀጫጭን እንጨትና ቅርንጫፍ ደልድሉ፣ አየር በዚያ ይገባል። ከዚያ «ቡናማ» እና «አረንጓዴ» የሚባሉትን እያፈራረቃችሁ ደርቡ። ቡናማው ካርቦን የበዛበት ደረቅ ነገር ነው፦ የደረቀ ቅጠል፣ ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ ያልተቀባ ካርቶን ተቀዳዶ። አረንጓዴው ናይትሮጅን የበዛበት እርጥብ ነገር ነው፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ አዲስ የታጨደ ሣር። በመጠን ለአንድ ባልዲ አረንጓዴ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ቡናማ አድርጉ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ አረንጓዴው በየቀኑ ከወጥ ቤት ይመጣል፣ ቡናማው ግን ካልተጠራቀመ አይገኝም። አንድ ጆንያ ሙሉ ደረቅ ቅጠል አጠገቡ ሳታስቀምጡ አትጀምሩ።

እርጥበቱን በእጃችሁ ፈትሹ። አንድ እፍኝ አንሱና ጨብጡት። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ጠብ ካለ ልክ ነው። ውሃው በጣቶቻችሁ መሃል ከፈሰሰ ቡናማ ጨምሩ፣ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉ። በቁመትም በጎንም አንድ አንድ ሜትር ያህል ከሆነ ውስጡ ይግላል፤ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ የአረም ፍሬና ብዙ የበሽታ ተሕዋስያን ይሞታሉ። በየሳምንቱ ካገላበጣችሁት ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ ትታችሁት ከተቀመጣችሁ ደግሞ እስከ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። መተዉም ነውር የለውም። የጠቆረ፣ የሚፈረፈር፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ከሆነ ደርሷል።

ሲበላሽ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፣ አገላብጡት። የሽንት ዓይነት ሹል ሽታ ካለው አሞኒያ ነው፣ ማለትም አረንጓዴ በዝቷል። ዝንብ ከወረረው የምግቡ ክፍል አልተሸፈነም፤ ሁልጊዜ የላይኛው ሽፋን ቡናማ ይሁን። ከነጭራሹ ዝም ካለ ደርቋል ወይም ክምሩ ትንሽ ነው። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወተትና ዘይት ያለበት ነገር አትጨምሩ፣ አይጥ ይጠራል። የውሻና የድመት እዳሪም እንዲሁ፣ ጥገኛ ተሕዋስያን አሉበት።

ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንዱ የትል ሳጥን ነው። ትሉ ከግቢ የሚቆፈረው ዓይነት አይደለም፤ ኤይሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው፣ በሚበሰብስ ነገር ላይ የሚኖረው ቀይ ትል ነው። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ በተቀዳደደና በረጠበ ካርቶን ውስጥ ደስ ብሎት ይኖራል። ብዙ ሎሚና ሽንኩርት አይወድም። ሌላው ቦካሺ ነው፦ ገጥሞ የሚዘጋ ባልዲ ውስጥ ትርፍራፊውን ተሕዋስያን ከተደባለቁበት ፉርሽካ ጋር ደርባችሁ ታብላላላችሁ፤ ከሞላ በኋላ ሁለት ሳምንት ዘግታችሁ ታቆዩትና አፈር ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ሥጋም ይቀበላል። ግን መጨረሻ ላይ አፈር የሚባል ነገር የትም ከሌላችሁ አይሆንላችሁም፣ ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም።

ደረጃ 4፦ በር ላይ እምቢ በሉ

በደረጃ 1 «ተሰጥቶኝ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ዝርዝር አውጡ። ፌስታል፣ ስትሮ፣ የሚጣል ማንኪያ፣ ስም የታተመበት ብዕር፣ የማስታወቂያ ወረቀት። እምቢታው የሚሠራው ቀድሞ ሲነገር ነው። ሻጩ ፌስታሉን ከፍቶ ዕቃውን ከከተተ በኋላ «አልፈልግም» ብትሉት ፌስታሉን መልሶ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ገና ሰላም ስትሉ «የራሴን ይዣለሁ» በሉ። በስልክ ስታዙም ማስታወሻው ላይ «ማንኪያና ሹካ አያስፈልግም» ብላችሁ ጻፉ።

አንዳንድ አገር ይሄን ለግለሰብ ትህትና አልተወውም። ባንግላዲሽ በ2002 ስስ ፌስታልን በማገድ ቀዳሚ ሆናለች፤ ምክንያቷ ቦዮችን እየደፈነ ጎርፉን ማባባሱ ነበር። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 ተከተሉ።

ደረጃ 5፦ ያላችሁን ዕቃ ጨርሱት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይሰማኝም፦ ፕላስቲክ ዕቃችሁን አውጥታችሁ ጥላችሁ በመስታወት አትተኩ። የተመረተው ተመርቷል። እስኪሰበር ተጠቀሙበት።

የጨርቅ ቦርሳም ቢሆን በራሱ ጽድቅ አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 ያሳተመው ጥናት እንደሚለው የጥጥ ቦርሳ የአየር ንብረት ጉዳቱ አንዴ ብቻ ከሚያገለግል ተራ ፌስታል እንዲያንስ 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። በየስብሰባው የሚታደሉ አሥር የጨርቅ ቦርሳዎች በር ላይ ከተሰቀሉ ነገሩ ተገልብጧል። ሁለት ያዙ፣ አንዱን ከምትይዙት ቦርሳ ውስጥ እንዳይወጣ አድርጉ፣ ሌላ ሲሰጧችሁ እምቢ በሉ።

ሲበላሽ አሠሩት። አዲስ ዕቃ ስትገዙ ደግሞ ሦስት ነገር እዩ፦ በብሎን ነው በማጣበቂያ የተገጠመው? ባትሪው ይወጣል? መለዋወጫ ይገኛል? ፈረንሳይ በ2021 እንደ ስልክና የልብስ ማጠቢያ ባሉ ዕቃዎች ላይ ምን ያህል ሊጠገኑ እንደሚችሉ ከ10 የሚሰጥ ነጥብ እንዲለጠፍ አዛለች። ቤት ውስጥ መጠገን ለማትችሉ «ሪፔር ካፌ» የሚባል ነገር አለ። በ2009 አምስተርዳም ውስጥ ተጀምሮ በብዙ አገር ተስፋፍቷል፤ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ባለሙያዎች ጠረጴዛ ዘርግተው አብረዋችሁ ይጠግኑላችኋል። አካባቢያችሁ ከሌለ አዳራሽ፣ የመፍቻ ሳጥንና ሁለት እጀ ቀና ሰዎች ለመጀመር ይበቃሉ።

ደረጃ 6፦ ሪሳይክል መጨረሻ ላይ ይምጣ

ሪሳይክል፣ ማለትም የተጣለውን መልሶ ማምረት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ተስፋ የምንጥልበትን ያህል አይደለም። እስከ 2015 ድረስ በዓለም ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ወደ 9 በመቶ ብቻ ነው ሪሳይክል የተደረገው። የአሉሚኒየም ጣሳ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ከድንጋዩ አዲስ ከማምረት ይልቅ መልሶ ማቅለጥ 95 በመቶ ገደማ ኃይል ይቆጥባል። ስለዚህ ጣሳና ጠርሙስን በፍጹም ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ።

ፕላስቲክ ላይ በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ ያለው ቁጥር ከምን እንደተሠራ ነው የሚናገረው፣ ይታደሳል ማለት አይደለም። 1 ቁጥር የውሃ ሃይላንድ ነው፣ 2 ቁጥር እንደ ሻምፑና የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ያለው ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ቦታ ገዢ አላቸው። 3፣ 6 እና 7 አብዛኛውን ጊዜ ፈላጊ የላቸውም። የእናንተ አካባቢ ሰብሳቢ ምን እንደሚወስድ እሱን ጠይቁት።

በዓለም ላይ በብዙ ከተሞች ይሄን ሥራ የሚሠሩት ከቆሻሻ ውስጥ እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሕንድ ፑኔ ውስጥ ለቃሚዎቹ «ስዋች» የተባለ የራሳቸው ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ከከተማው አስተዳደር ጋር ተዋውለው ከየቤቱ ይሰበስባሉ። የሌላው ከተማ ለቃሚ ግን እጁን ፌስታላችሁ ውስጥ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ለዩ። የተሰባበረ ጠርሙስ በካርቶን ጠቅልላችሁ ላዩ ላይ «ስባሪ» ብላችሁ ጻፉ። መርፌና ምላጭ ሊበሳው በማይችል ወፍራም ዕቃ ከድናችሁ ለጤና ተቋም መልሱ።

ባትሪ፣ አምፖልና ኤሌክትሮኒክስም ለብቻ። የሊቲየም ባትሪ ቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ፣ ደረቅ ቦታ አጠራቅማችሁ፣ ለሚቀበል ስጡ። በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቶ በሥርዓት ተሰብስቦ መታደሱ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ የማይለየውን ክምር ለባለቤቱ መልሱ

ይኸውላችሁ፣ ያቺ የመጨረሻ ክምር። ጃፓን ውስጥ ካሚካትሱ የምትባል 1,400 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ በ2003 ዜሮ ዌስትን አወጀች። ቆሻሻ ሰብሳቢ መኪና የላትም። ነዋሪው ራሱ አጥቦ ወደ ማዕከሉ ይወስድና ከ40 በሚበልጡ ዓይነቶች ይለያል። እንዲህ ተለፍቶም ሪሳይክል የሚያደርጉት ወደ 80 በመቶ ነው የደረሰው። በ2020 ዜሮ እንገባለን ያሉት አልተሳካም። ዳይፐር፣ የተደባለቀ ጨርቅና ፕላስቲክ የተጣበቀበት ጫማ እንዴት ይለያል? ሰዎቹ ስለሰነፉ አይደለም። ዕቃው ከመጀመሪያው እንዳይለይ ሆኖ ተሠርቷል።

ስለዚህ ይሄን ክምር ይዛችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ፎቶ አንሱት፣ የአምራቹን ስም መዝግቡ፣ «ይሄን ማሸጊያችሁን የት ልመልሰው?» ብላችሁ ጻፉላቸው። አንድ ደብዳቤ ይጣላል። ከአንድ ሕንፃ አርባ ደብዳቤ ሲመጣ ግን አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ያነሳዋል። ማርች 30 በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከ2023 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የዜሮ ዌስት ቀን ሆኖ ይታሰባል። ድርጅቶች በዚያ ሰሞን ስለ አካባቢ ብዙ ያወራሉና ደብዳቤውን ያኔ ላኩት።

ደረጃ 8፦ ወደ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ሕንፃው ውሰዱት

ቤታችሁ ላይ ከተሳካላችሁ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። ለአለቃ ወይም ለሕንፃው ኮሚቴ ስታቀርቡ ስለ ምድር መጥፋት አትስበኩ። የአንድ ሳምንት ሚዛን ውጤት፣ ለሚጣሉ ኩባያዎችና ለቆሻሻ ማንሻ በወር የሚወጣው ወጪ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ለአንድ ወር እንሞክረው?» በየጠረጴዛው ሥር ያለውን ቅርጫት አንሱና በየወለሉ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ማጠራቀሚያ አድርጉ፦ የምግብ፣ የሚሸጥ ደረቅ ነገር፣ ሌላ። ላያቸው ላይ ከጽሑፍ ይልቅ እዚያው ቢሮ የሚጣለውን ዕቃ ራሱን ለጥፉበት፤ እውነተኛ ኩባያ፣ እውነተኛ ክዳን። የጽዳት ሠራተኞቹን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ጋብዟቸው፤ ከኃላፊው በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ሥራው የሚጨምርባቸውም እነሱ ናቸው። የምግቡን ባልዲ ዓርብ ማታና በዓል ሲሆን ማን እንደሚያወጣው ሳይወሰን ግን አትጀምሩ።